ያልሰበርኩት ፔርሙዝ

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ካርቲየ 6 ሰፈር የምሠራበት ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። የጅቡቲን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የመጨረሻውን ስታሰጡ የመጀመሪያው ደርቋል። ድንገት ከታች ከሳሎን ጧ አለ... የሆነ ነገር ተሰበረ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። በሩ ላይ ስደርስ ግራ ጆሮዬን በእጄ ይዤ «እኔ ነኝ መዳም» አልኩ።

መዳም የተሰበረውን ፔርሙዝ እጀታ ይዛ ቆማለች። ጅቡቲያዊት ናት፤ ግን ድሬዳዋ ዘመዶች ስላሏት አማርኛዋ አይታማም። አየችኝ... አየችኝና «አንቺ ጣሪያ ላይ አልነበርሽም እንዴ? እኔው ነኝ በክርኔ ገጭቼ የጣልኩት» አለችኝ።

ከዚያ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። «ይቺ ልጅ የኔን ኃጢአት ሁሉ ልትሸከምልኝ ነው» እያለች ለእህቷ በስልክ ስታወራ ዋለች።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ሰባት ዓመቴ ላይ እናቴ ሞተችና «ከተማ ገብታ ትማር» ተብዬ ድሬዳዋ አክስቴ ጋ ተላክሁ። ትምህርቱ ቀርቶ ሠራተኛዋ ሆንኩ። እዚያ ቤት ዕቃ ሲሰበር የምጠራው እኔ ነኝ። አልሰበርኩም ካልኩ በበርበሬ ጭስ እታጠናለሁ። ቶሎ ካመንኩ ግን ግራ ጆሮዬ ላይ በጥፊ ትለኝና በዚያው ያልቃል። እኔም ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ፣ ድምፁን ስሰማ ሮጬ ማመን ለመድኩ።

ይኸው ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የጎረቤት ሳህን ሲሰበር እንኳ እጄ ወደ ጆሮዬ ይሄዳል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ አመለጠኝ። ይሄን እንኳ የእውነት የሰበርኩት እኔ ነኝ። አፌን ሳልከፍት ግን ከኮሪደሩ የሩጫ ድምፅ ሰማሁ... ሂቦ ናት፣ የመዳም ልጅ። አምስት ዓመቷ ነው። ከአራስነቷ ጀምሮ እኔ ጀርባ ላይ ስላደገች አማርኛን እንደ እናቷ ቋንቋ ነው የምትናገረው።

በሩ ላይ ቆመች። ግራ ጆሮዋን በትንሿ እጇ ይዛ «እኔ ነኝ» አለች።

ክው አልኩ።

ይቺ ልጅ በሕይወቷ ተመትታ አታውቅም። እናቷ ብትቆጣት እንኳ ትፎክር ትፎክርና መልሳ ትስማታለች። ተንበርክኬ እጇን ከጆሮዋ ላይ አወረድኩት።

«የኔ እመቤት፣ አንቺ አይደለሽም እኮ። እኔ ነኝ የሰበርኩት። ዕቃ ሲሰበር ይጠረጋል፣ በቃ።»

«ማን ይመታሻል?» አለችኝ።

«ማንም አይመታኝም።»

«ታዲያ ለምን ጆሮሽን ትይዣለሽ?»

ያኔ ነው ያስተዋልኩት። አንዱ እጄ የሷን እጅ ይዟል... ሌላው ጆሮዬ ላይ ነው። መቼ እንደሄደ አላወቅሁም።

ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ሌላስ ምን ሳላውቀው አስተምሬያት ይሆን? ብርጭቆውን ስጠርግ እሷ ቆማ ታየኛለች። የማደርገውን ሁሉ ታያለች።

አክስቴ ከሞተች ስንት ዓመቷ፤ በሕይወቷም ከድሬዳዋ ወጥታ አታውቅም። ጅቡቲ ድረስ ተሸክሜ ያመጣኋት... እኔ ነኝ።