የቱ ባህር ዳርቻ ይሻላል

ባህር አይቼ አላውቅም። ግን ሦስት የባህር ዳርቻዎችን አወዳድር ብትሉኝ እችላለሁ፤ የጅቡቲን፣ የታጁራን፣ የበርበራን። ሦስቱንም ያየልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ያየልኝ ማለቴ እሱ አየ፣ ለእኔ ነገረኝ። ማየትና መስማት አንድ እንዳልሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

ወንድሜ የተሳቢ ሾፌር ነበር። ማዳበሪያ ሲመጣ ጅቡቲ ወይም ታጁራ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ በጅግጅጋ አድርጎ በርበራ ይገባል። ጭነት እስኪደርሰው ወረፋ ይጠብቃል። ወረፋው ሲረዝም ባህር ዳር ይሄድና ድምፁን ቀድቶ በስልክ ይልክልኛል። እኔ እዚህ መካነ ሰላም ብርድ ላይ ጋቢ ተከናንቤ አዳምጣለሁ። «ትሰማለህ? ይሄ ውሃው ነው» ይለኛል። እሰማለሁ። በስልክ የመጣ ማዕበል ግን የጋለ ዘይት ላይ የወደቀ ሽንኩርት ነው የሚመስለው።

ቅናቴ የጀመረው ያኔ ነው። በባህሩ አይደለም የቀናሁት። ከወንድሜ ድምፅ ኋላ ሁልጊዜ የሚስቅ ሌላ ሰው ነበር። ረዳቱ ነው።

ረዳቱ የወረኢሉ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ስቀመጥ፣ ወንድሜን «ውሰደኝ፣ ረዳት ልሁንህ» ብዬው ነበር። «አንተ ከእማዬ ጋር ሁን፤ ደግመህ ተፈተን» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሰው ቀጠረ። የእኔ ነው ብዬ ባሰብሁት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ጎማ የሚፈታው እሱ፣ አብሮት የሚበላው እሱ፣ ባህር የሚገባው እሱ። ወንድሜ ለእረፍት ሲመጣ ወሬው ሁሉ «እኔና ልጁ» ሆነ። እኔና ልጁ እንዲህ አየን፣ እኔና ልጁ እንዲህ ሆንን። እየሳቅሁ እሰማዋለሁ።

ዘንድሮ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከታጁራ ሲመለሱ፣ አፋር ውስጥ ወባ ያዘው። ረዳቱ ሐኪም ቤት አደረሰው። ግን ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶ ነበር። ወንድሜ ሲሞት እጁን የያዘው ረዳቱ ነው። ይህንንም... ይህንንም ወሰደብኝ ብዬ አሰብሁ። እንዲህ ማሰብ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አሰብሁ።

አርባው ሲቃረብ እናቴ ትልቅ ፎቶ ይሠራ አለች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው እንዲያየው፣ ከዚያ ግድግዳችን ላይ እንዲቀር። «ባህሩ ጋ የተነሳው ይሁን፤ ሲመጣ የሚያወራው ስለሱ ነበር» አለች። ረዳቱ ሊያግዘን መጥቶ እኛ ቤት ነበር። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ በግ አስጭኖ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ ነው የገባው። ሦስታችን የወንድሜን ስልክ ከበን ተቀመጥን።

«ለመሆኑ ከሁሉ የሚሻለው ባህር የቱ ነው?» አለች እናቴ። «የሚሻለው ጋ ይቁም ልጄ።»

«በርበራ» አልሁ ቶሎ ብዬ።

«ታጁራ» አለ ረዳቱ። እኩል ነው የተናገርነው።

«በርበራ አሸዋ አለ» አልሁ። «ሄደህ ሄደህ አትጨርሰውም። እንደ ተነፋ ዱቄት ነው። ፀሐይ ሲበርድ ኳስ ይጫወቱበታል።»

«ማን ነገረህ?»

«እሱ ነዋ! ማን ይነግረኛል?»

«አሸዋውስ ልክ ነህ፣ ወላሂ» አለ። «ሙቀቱን ግን ነግሮሃል? በክረምት የበርበራ ንፋስ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ነው። አንድ ቀን ጫማውን አውልቆ ወደ ውሃው ሄደ። ሲመለስማ እማማ፣ ፌንጣ ሆኖ ነው የመጣው! እየዘለለ ይሰድበኛል፣ አሸዋውን ያሞቅሁት እኔ ይመስል።»

እናቴ ሳቀች። ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ያሳቃትም እሱ ሆነ።

«ጅቡቲስ?» አለችው።

«ጅቡቲ ከተማው ጋ ያለው ውሃ አንዳንዴ ይሸሻል፣ እማማ። ርቆ ይሄድና ጭቃው ይቀራል። ለዋና አይሆንም። እርስዎ ግን ቀሚስዎን ሰብሰብ አድርገው በእግርዎ ይሄዱበት ነበር።»

«እኔንማ እዚያ ነው የምወስድሽ ያለኝ» አለች እናቴ። «ውሃ እንደምፈራ ያውቃላ። እማዬ፣ እዚያ ባህሩ ራሱ ቦታ ይለቅልሻል አለኝ። ከሁሉም እሱ ይሻላል ነው ያለኝ።»

ለእኔ በርበራ ይሻላል ብሎኛል፤ ኳስ እወዳለሁ። ለእናቴ ጅቡቲ። ለካ ስንጠይቀው ለየራሳችን እየመረጠ ነው የሚመልስልን። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይጽናና ይሆናል። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። የእኔና የእናቴ ባህር ወደፊት የምንሄድበት ነበር። የረዳቱ ባህር አብረው የቆሙበት ነው።

«ታጁራ ምን አላት?» አልሁት። ድምፄ ሳይከር አልቀረም።

«ታጁራ ትንሽ ናት» አለ። «ከኋላዋ ተራራ አለ፣ ዳር ላይ ነጫጭ መስጊዶች አሉ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ቆመህ የእግር ጣትህን ታያለህ። ሌላ ቦታ ወንድምህ ከጉልበቱ አያልፍም ነበር። እስከ ደረቱ የገባው እዚያ ብቻ ነው። ተራራ ሳይ አልፈራም ይል ነበር።»

ፎቶዎቹን አየን። በበርበራው ወንድሜ ብቻውን ነው፤ ፀሐይዋ ከኋላው ስለሆነች ግን ፊቱ ጠቁሯል። በጅቡቲው ርቆ፣ ጭቃ መሀል እንደ ችካል ቆሟል። በታጁራው ሸሚዙ ረጥቦ፣ ክንዱን ረዳቱ አንገት ላይ ጥሎ ይስቃል። እናቴ ታጁራው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄ ነው። ጥርሱ ይታያል።»

«ልጁስ?» አልኋት። አጠገቤ እንዳልተቀመጠ አድርጌ።

«እኔን ቁረጡኝ» አለ ረዳቱ። «ምንም አይደል።»

ደስ አለኝ። ደስታዬ እንዳይታይ ስልኩን ይዤ ተነሳሁ።

ባለ ፎቶ ቤቱ ነፍስ ይማር ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። ልጁን ቁረጠው አልሁት፤ ቆረጠው። ወንድሜ ክንዱን አየር ላይ ሰቅሎ ቀረ።

«ይሄማ አያምርም» አለ። «እንደውም ባህሩን ልቀይርልህ። የተዘጋጀ ባህር አለኝ፣ ዘንባባ ያለው።»

ወንድሜን አንስቶ እዚያ አቆመው፤ ክንዱንም በዘንባባ ቅጠል ሸፈነው። እውነቱን ልናገር፣ ያን የመሰለ ባህር ዳርቻ የለም። ከሦስቱም ይበልጣል። ጭቃ የለው፣ ግለት የለው። ደግሞ ረዳቱ እዚያ አልነበረም። ማንም መጥቶ እኔ አብሬው ነበርሁ አይለኝም። ይሁን ልለው ነበር።

«የት ነው ይሄ?» አልሁት።

«እኔ ምን አውቄ! የከተማው ሙሽራ ሁሉ የሚቆመው እዚህ ነው።»

ግድግዳው ላይ ቀና ብዬ አየሁ። ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ሳይቀር፣ ሁሉም ከዚያው ዘንባባ ሥር ናቸው። አንዳቸውም ባህር አልሄዱም። ወንድሜ ግን ሄዷል። ሸሚዙ እኮ ረጥቧል።

«መልሰው» አልሁት።

«ባህሩን?»

«ባህሩንም ልጁንም።»

«ቅድም ቁረጠው አላልህም?»

«መልሰው አልሁህ።»

ደግ ሆኜ አይደለም። ክንዱ የሚያርፍበት ስላጣ ነው። ያ ትከሻ የእኔ ቢሆን ኖሮ እያልሁ፣ እስኪታተም ድረስ የረዳቱን ፊት ሳላይ በሩ ላይ ቆምሁ።

የአርባው ዕለት ዝናብ ነበር። ፎቶው ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቆመ። ረዳቱ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠም፤ ውሃ ይቀዳል፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ ከታረደው ያቀርባል፣ ሰው ያስተናግዳል። እናቴ አሁንም አሁንም በስሙ ትጠራዋለች። እኔን የጠራችኝ አልመሰለኝም።

ከሰዓት በኋላ የእናቴ አክስት ከደጎሎ ደረሱ። መንገዱ ተበላሽቶ መኪናው ጭቃ ይዞት ነው የዘገዩት። ዓይናቸው ደከም ያለ ነው። አልቅሰው ሲበቃቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ፎቶው አጠገብ ቆሙ። እኔም ደግፌያቸው ቆምሁ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። ጎንበስ ብለው ፎቶውን አዩ፤ ከዚያ ጣታቸውን ረዳቱ ላይ አደረጉ። «ይሄ አንተ ነህ አይደል? ያኔ ወፈር ብለህ ነበር። ባህሩ ተስማምቶሃል።»

ረዳቱ ጆግ ይዞ ከጎናችን ነበር። አየሁት። እሱም አየኝ። አይደለሁም ማለት ነበረብኝ።

«አዎ» አልሁ። «እኔ ነኝ።»

«እሰይ። አብራችሁ ሄዳችኋል ለካ። እንዴት ነው ታዲያ ባህሩ?»

ነገርኋቸው። ሌሎች ባህሮችም አሉ፣ ይሄኛው ግን ይሻላል አልኋቸው። ከኋላው ተራራ እንዳለ፣ ነጫጭ መስጊዶች እንዳሉ፣ የእግር ጣት እንደሚታይ። እስከ ደረታችን ገባን አልሁ።

«አልፈራህም?»

«ይዞኝ ነበር» አልሁ።

ከዚያ ወዲያ የማውቀው አልቆ ነበር።

«ጨው ነው የሚሉት እውነት ነው?» አሉ። «እንዴት ያለ ጨው ነው? እንደኛ ወጥ ነው?»

ረዳቱ ጆጉን መሬት አስቀምጦ ጠጋ አለ።

«ዓይኑን አቃጥሎት የለም እንዴ፣ እማማ!» አላቸው። «ከውሃው ሲወጣ እንባው እየወረደ ነበር። ምን ያህል ሳቅንበት።»

የእናቴ አክስት ወደ እሱ ዞሩ። «አንተስ ማነህ ልጄ?»

«ፎቶውን ያነሳኋቸው ነኝ» አላቸው።