ኮች ዝም ያሉ ዕለት

በሚኒሶታ ምድር ስለ አሜሪካ ፉትቦል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሐበሻ አልነበረም። «ሐበሻ» ያልኩት ለትሕትና ነው እንጂ ፈረንጁንም ይጨምራል። የከተማችንን ቡድን ሽንፈት እንደ ጉንፋን በያዘባቸው በእነዚያ ዓመታት ዋና አሠልጣኙን ሦስት ጊዜ አባርሬ ሁለት ጊዜ መልሼ ቀጥሬዋለሁ። ኳርተርባኩን፣ ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረውን ልጅ ማለቴ ነው፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር ከሜዳ አስወጥቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ የወሰንኩት ሮዝቪል ባለ አንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ውስጥ፣ ጋውን ለብሼና ጓንት አጥልቄ ነው። አንድም ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼ አላውቅም ነበር። እውቀቴን በሙሉ ያገኘሁት ከምኖርበት ከሪችፊልድ ድራይቭ ሳደርግ ከምሰማው የመኪና ሬዲዮ ነው። ሰኞ ማለዳ ሰዉ እየደወለ ንዴቱን የሚያራግፍበት ፕሮግራም ነበር። እኔ ስድቡን ትኩስ ትኩሱን ይዤ ሥራ እገባለሁ።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ፉትቦሉ ይቅርና ኩላሊትም የማውቀው የበሬውን ብቻ ነበር። ያሠለጠነችኝ ጫልቱ ናት። ወለጋ ተወልዳ፣ ናይሮቢ በስደት ኖራ የመጣች፣ በሥራው አራት ዓመት የቆየች ቴክኒሽያን። አማርኛዋን ኦሮምኛዋ ትንሽ ይጫነዋል፤ ቁጣዋ ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

«ቀዩ ቱቦ ከሰውየው ወደ ማሽኑ፣ ሰማያዊው ከማሽኑ ወደ ሰውየው» አለችኝ። «በየግማሽ ሰዓቱ ትዞራለህ። አራት ነገር ነው፤ ፊት፣ ክንድ፣ ማሽን፣ ወረቀት። ፊቱን ታያለህ። ክንዱ ላይ የደም ግፊቱን ትለካለህ። ማሽኑን ታያለህ። ከዚያ ትጽፋለህ። ወረቀት መጨረሻ ነው። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ደግሞ የሚያዛጋ ሰው ስታይ እንቅልፍ እንዳይመስልህ። ግፊቱ እየወረደ ነው።»

እንዳልረሳው መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ጓንት አጠለቅሁበት።

ለአንድ ቴክኒሽያን አራት ወንበር ይሰጣል። በላያችን የፈረቃው አለቃ፣ ቻርጅ ነርሷ ጆዲ አለች፤ ከእሷ በላይ ሐኪሙ፣ እሱም በሳምንት አንዴ ብቅ የሚል። የእኔ ሰዎች ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ይመጣሉ። ክንዳቸው ላይ ሁለት ሁለት መርፌ ይሰካል፤ አራት ሰዓት ሙሉ ያን ክንድ ሳያንቀሳቅሱ ይቀመጣሉ። ያን ያህል ሰዓት የታሰረ ሰው ወሬ ያስፈልገዋል። ወሬ ደግሞ እኔ ዘንድ ሞልቷል።

ወንበር አንድ ላይ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ አሉ፤ ለሽንፈቱ ሁሉ ተጠያቂው አሠልጣኙ ነው ይላሉ። «አሠልጣኙ ነው እንጂ!» እላቸዋለሁ። ወንበር ሁለት ላይ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ የነበሩ ሴትዮ አሉ፤ ኳርተርባኩን ማየት አይፈልጉም። «ልጁ ነው እንጂ የቀበረን!» እላቸዋለሁ።

ከወንበር አራት አንድ ወፍራም ድምፅ ይመጣል፤ «አንተ ልጅ፣ ከወንበር አንድ እስከ ወንበር ሁለት ስትደርስ አቋምህን ቀየርክ። እኮ ሁለት ሜትር አይሞላም።»

«ምን ላድርግ ኮች፣ ሁለቱም መርፌ ይፈራሉ።»

ኮች ማለት እኚህ ናቸው። በሰሜን በኩል ባለች ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ለሠላሳ ዓመት ያሠለጠኑ፣ መዳፋቸው አካፋ የሚያህል ሽማግሌ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እሳቸው ግን «ልጅ» እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ቡድኑ መቶ ለባዶ ቢሸነፍ እንኳ ኮች ኳርተርባኩን አይነኩም።

«ኳስ ወርዋሪው ሲወድቅ እሱን አትይ» ይሉኛል። «ከፊቱ ያለውን እይ። ሊከልልለት የተመደበው ሰው የት ነበር? ያንን ሰው ማን መደበው?»

አንድ ዓመት ቡድናቸው አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ጨረሰ አሉ። ኳርተርባኩ የገበሬ ልጅ ነበር፤ ከተማው በሙሉ ወረደበት። ኮች የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ተቀመጡ።

«ኮች፣ በዚህ ልብዎ ነው የተሸነፉት!» አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ነገሩ የሆነው አንድ የበልግ ሰኞ ነው፤ እዚህ በልግ ስንል ቅጠሉ የሚረግፍበትን ወቅት ነው። ቡድናችን ለሦስተኛ ሳምንት በተከታታይ ተሸንፏል። ኳርተርባኩ ኳሱን አነጣጥሮ ለተቃራኒ ቡድን ሰጥቷል። ሬዲዮው ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። ክሊኒክ ስደርስ አንድ ቴክኒሽያን ቀርቷል፤ ጆዲ አምስተኛ ወንበር ጨመረችልኝ።

ሰኞ ከባድ ቀን ነው። ከዓርብ እስከ ሰኞ ሰውነታቸው ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ኮች ሚዛኑ ላይ ሲቆሙ ከተለመደው አራት ኪሎ ተኩል ጨምረዋል።

«ጨዋታውን እያየሁ ቺፕስ በላሁ» አሉ። «ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው። የእኔ ማለቴ ነው።»

ያን ሁሉ ፈሳሽ ማሽኑ በአራት ሰዓት ስቦ ማውጣት አለበት። ብዙ ሲሳብ ግፊት ይወርዳል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ላይ ዓይን አይነቀልም። ይህን አውቃለሁ። አውቄም ነበር ዓይኔን ትቼ አፌን የተከልኩባቸው። ያን ጠዋት ሽማግሌውን በክርክር ልረታቸው ቆርጬ ነበር።

«ኮች፣ ይህ ልጅ ዓይን የለውም! እኔ ዓይኔን ታስሬ፣ በግራ እጄ፣ ከዚህ ወንበር ላይ ብወረውር ሚሲሲፒን አሻግረዋለሁ!»

«ከፊቱ ማን ነበር?» አሉ ኮች።

«ማንም ይሁን! ሰው ሥራው ላይ ሲቆም ዓይኑን ይከፍታል! ዓይኑን ያልከፈተ ቤቱ ይሂድ!»

«ምናልባት» አሉ።

ከዚያ አዛጉ። ሰለቸኋቸው መሰለኝ፤ ሰው ሲሰለቸኝ ደግሞ ማጋነን እጨምራለሁ። ኳርተርባኩን ሸጥኩት፣ ለወጥኩት፣ ለዓሣ አጥማጅነት ወደ ሐይቅ ላክሁት። በመሃል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆነ። የኮችን ቅጽ አነሣሁ፤ እያወራሁ የደም ግፊት መቶ ሃያ ስምንት በሰባ አራት ብዬ ጻፍኩና ሰቀልኩት። ኮች መልስ አልሰጡም። አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ዝም አሉ።

አሸነፍኩ ብዬ ወደ ክፍሉ ዞርኩ። «ሰማችሁ? ዛሬ ኮችን አሳመንኳቸው!»

ወንበር አንድ አጨበጨቡ፤ መርፌ ባልተሰካበት እጃቸው ጭናቸውን እየመቱ።

«ግርማ!» አለች ጫልቱ ከማዶ፣ በአማርኛ። «ሰውየህን እይ!»

ዞር ስል ፊታቸው አመድ መስሏል። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ዓይናቸው ግማሹ ክፍት ነው፤ የሚያይ ግን አይደለም። እጄ ከአፌ የተሻለ ነበርና ሥራውን ጀመረ። ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደምኩ፤ እግራቸው ከፍ አለ። ማሽኑ ፈሳሽ መሳቡን እንዲያቆም አደረግሁ። ሳላይኑን፣ የጨው ውሃውን፣ ከፈትኩ። መለኪያውን ተጫንኩ፤ ስልሳ ሁለት አለ የላዩ ቁጥር። ጆዲ ኦክስጅን ይዛ ሮጣ መጣች። ጫልቱ የቀሩትን አራት ወንበሮቼን ያዘችልኝ።

ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ኮች ዓይናቸውን ገለጡ።

«አሸነፍከኝ እንዴ?» አሉ።

ጆዲ ቅጹን አንሥታ አነበበች። «ሁለት ሰዓት ላይ መቶ ሃያ ስምንት። በአሥር ደቂቃ ስልሳ ሁለት። እንዴት ያለ ድንገተኛ ነው!» ወደ እኔ ዞረች። «ሁለት ሰዓት ላይ ደህና ነበሩ?»

«ደህና ነበሩ» አልኳት።

ጫልቱ አየችኝ።

ረቡዕ ጆዲ ኮች ወንበር አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ማጣሪያ እገጥማለሁ፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ዘንድ ነው። ልጁ በደንብ ተከታትሎዎት ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አምስት ወንበር ነበረበት» አሉ ኮች። «ማን ከለለለት? አምስት ወንበር ማን ሰጠው? ልጁን አትዪ። አሠልጣኟን እዪ።»

ጆዲ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። በማግሥቱ ከአራት ወንበር በላይ ለማንም እንዳይሰጥ ማስታወቂያ ለጠፈች። በወሩ መጨረሻ ደግሞ እኔን የወሩ ምርጥ ሠራተኛ አድርጋ ሰርተፊኬት ሰጠችኝ፤ «በፈጣን እርምጃው የሰው ሕይወት ስላዳነ» ይላል። ወንበር አንድና ወንበር ሁለት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማምተው አጨበጨቡልኝ።

ባለቤቴ ሰርተፊኬቱን በመስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው። በየማኅበሩና በየክርስትናው ንገረን ይሉኛል፤ እነግራለሁ። በተናገርኩት ቁጥር የኮች ግፊት ይወርዳል። መስከረም ላይ ስልሳ ሁለት የነበረው ጥምቀት ላይ አርባ ገባ። ለፋሲካ ሰውየው ሞተው ነው ያስነሣኋቸው።

ከሰርተፊኬቱ በኋላ በመጣው ሰኞ፣ መርፌ ስሰካላቸው ኮች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጅ» አሉኝ።

«አቤት ኮች።»

«ያን ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይህ ነገር ክንዴን ጨብጦኛል።» የግፊት መለኪያውን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ሁለት ሰዓት ላይ አልጨበጠኝም። ያኔ ገና ነቅቼ ነበር።»

እጄ መርፌው ላይ ቆመ።

«ያ የገበሬ ልጅ ያልኩህ» አሉ፤ «ከስብሰባው በፊት ቤቴ መጥቶ፣ ኳሱን የወረወርኩት ሳላይ ነው፣ ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር አለኝ። ስለነገረኝ ነው የከለልኩለት። አንተን ቀድሜ ከለልኩልህ። አሁን ሄደህ ለጆዲ ንገራት።»

«እነግራታለሁ» አልኳቸው። ምዬ ነው የተናገርኩት።

ረቡዕ «ነገርካት?» አሉኝ። «ዓርብ» አልኩ። ዓርብ ጆዲ ሥራ በዝቶባት ነበር። ቀጥሎ ሰኞ ፊቷ ተቆጥቶ አየሁት፣ ወይም የተቆጣ መሰለኝ። ለአራት ሳምንት ጠየቁኝ። ከዚያ ተዉት። ፉትቦሉን ግን አልተዉም፤ እንደ ድሮው ያወራሉ፣ እንደ ድሮው ኳርተርባኩን ይከልላሉ። እኔ ነኝ ኳርተርባኩን መስደብ ያቃተኝ። «ዓይኑን ያልከፈተ ቤቱ ይሂድ» ልል እጀምርና ኮች አጠገቤ አሉ። ወንበር ሁለት «ምን ነካህ፣ ሃይማኖት ቀየርክ እንዴ?» አሉኝ።

ከሁለት ክረምት በኋላ ኮች ቤታቸው ተኝተው ሳለ አረፉ። ጫልቱና እኔ ለቀብሩ አብረን ሄድን። ባለቤታቸው እጄን ይዘው ለእንግዳው ሁሉ «ባሌን ያዳነው ይኼ ነው፤ ሁለት ዓመት የጨመረልኝ ይኼ ነው» ይላሉ። አንድ ቃል ተናገር ተባልኩ። በመጨረሻው ረድፍ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ተቀምጦ ያለቅሳል። የገበሬው ልጅ እሱ እንደሆነ ነገሩኝ። እሱ ፊት ተነሥቼ የምናገረው እውነቱን እንደሆነ አወቅሁ። ተነሣሁም። ከዚያ አፌ የለመደውን አወራ፤ ግፊቱን አርባ አደረግሁት፣ ወንበሩን አጋደምኩ፣ ሕዝቡን አሳቅሁ።

ስንመለስ ጫልቱ መሪውን እንደያዘች «ጥሩ ተናገርክ» አለችኝ። ከዚያ ሬዲዮውን ከፈተችው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቴክኒሽያን አሠልጥኛለሁ። የማስተምረው ጫልቱ ያስተማረችኝን ነው፤ ፊት፣ ክንድ፣ ማሽን፣ ወረቀት። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። እጥበት ክፍል ውስጥ ይነቅዛል፤ ዝም ያለውን ሰው መጀመሪያ እዩት። መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ጻፉ፣ ወሬ ካላችሁ ከዚያ አውሩ።

ሁለት ሰዓት ላይ የጻፍኩት መቶ ሃያ ስምንት በሰባ አራት የአንድ ሰዓት ተኩሉ ቁጥር ነው። ከላዩ ካለው መስመር ገለበጥኩት እንጂ አልለካሁም። ለጆዲ አልነገርኳትም። ሰርተፊኬቱ አሁንም ሳሎኔ ውስጥ እንደተሰቀለ ነው።