ባሕር አትወድም

ያን ሰመር አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን የሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ነው። በረንዳችን ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ቀኝ ላሰገገ ሰው፣ በሁለት ሕንፃዎች መሃል አንዲት ሰማያዊ ክር ትታየዋለች። የኦንታሪዮ ሐይቅ ናት። ሐይቅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማዶው ስለማይታይ ግን እኛ ቤት ስሙ ባሕር ነው። ቶሮንቶ ከገባን ጀምሮ ያቺን ክር ከላይ ሆኜ አያታለሁ እንጂ እግሬን ነክሬባት አላውቅም ነበር። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ ዊኬንድ የሚባል ነገር የላትም። "አንድ ቀን እንሄዳለን" ትለኛለች፣ የሥራ ልብሷን እየለበሰች።

ጁላይ ውስጥ አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ "የሚመጣው ቅዳሜ ኦፍ ነኝ። ባሕር እንሄዳለን። ፕላኑን አንቺ አውጪ" አለችኝ።

እኔ! አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

ያን ሳምንት ላይብረሪ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ ዋልኩ። የትኛው ቢች ዛፍ አለው፣ የትኛው ጋ ከሰል ማቀጣጠል ይፈቀዳል፣ ሽንት ቤቱ ከውኃው ምን ያህል ይርቃል፣ ሁሉንም አጣራሁ። የመረጥኩት ከኛ ቤት ብዙም የማይርቀውን፣ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ የሆነውን ነው። እናቴ "ጎበዝ፤ ፍልሰታ ሳይገባ እንኳን ሆነ፤ ከገባ ጥብስ የለም" ብላ ሥጋውን ከዋዜማው ዘፈዘፈች። አጎቴ ከነቤተሰቡ እዚያው ሕንፃ ላይ ስለሚኖር ቫኑን አመጣ። ሰባት ሰው ይይዛል፤ እኛም ሰባት ነን። አጎቴ፣ ሚስቱ፣ ትንንሾቹ መንትዮች፣ በአንድ ዓመት የምትበልጠኝ የአጎቴ ልጅ፣ እናቴና እኔ። ከአጎቴ ልጅ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለን ስናወራ፣ "ሥራ ላይ ድንገት ቢጠሯትና እናትሽ ብትቀርስ?" አለችኝ።

"እኔም እቀራለሁ፤ ያለ እሷ ማን ይልከኛል።"

"አንቺ ከቀረሽ እኔም እቀራለሁ። ማርያምን!" ብላ ለቃሏ ማሰሪያ ትንሿን ጣቷን ሰጠችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥጋውን በበረዶ የያዘውን ኩለርና ከሰሉን ቫኑ ላይ ጭነን እንደጨረስን አንዲት መኪና አጠገባችን ቆመች። ከውስጧ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አስቀድመው ወረዱ። አዲስ አበባ የአያቴ ጎረቤት የነበሩ፣ እናቴን አዝለው ያሳደጉ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ኢቶቢኮ ነው ያረፉት። ልጃቸው መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ፈረቃው ደርሶበት፣ "ብቻቸውን ከሚውሉ እናንተ ጋ ይዋሉ ብዬ ነው" አለና በመስኮት ተሰናብቶ በረረ።

እናቴ ጉልበታቸውን ስማ ስትነሳ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ሰባት ወንበር፤ ስምንት ሰው።

"ባሕር ልንወርድ ነበር ጋሼ፤ እንኳን መጡልን፤ አብረን እንሄዳለን!"

"ኧረ ልጄ፣ እኔ እዚሁ ቁጭ እላለሁ። እናንተ ሂዱ።"

"ሞቼ እገኛለሁ!"

"ግዴለሽም፣ እውነቴን ነው፤ ወገቤም..."

"በጭራሽ! እርስዎን ጥለን?"

እኔ በልቤ፣ "አንዴ እንኳ ይድገሙት ጋሼ፣ አንዴ ብቻ" እያልኩ ነው። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ አበሻ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የጨዋ ልጅ ሳትጠየቅ "እኔ ልቅር" ትላለች። እኔ ግን አላልኩም። ሳምንቱን ሙሉ ያለምኩትን በአፌ አውጥቼ እንዴት ልስጠው? የቫኑን በር ይዤ በዓይኔ ለመንኳት።

እናቴ ፈገግ አለች። "እሷ እኮ ድሮም አትሄድም ነበር ጋሼ። ባሕር አትወድም።"

መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ መስሎኝ ነበር።

"አትወጂም እንዴ የኔ ልጅ?" አሉኝ።

አፌን ስከፍት ቫኑ ውስጥ ገብታ የተቀመጠችው የአጎቴ ልጅ ቀደመችኝ። "አዎ፣ ውኃ ስታይ ራሷን ያማታል።" ይህን ብላ ቀበቶዋን ፈልጋ ያጣች ይመስል አቀረቀረች። አጎቴም፣ "ባሕሩ የት ይሄድብሻል? ካናዳ እንደሁ ውኃ በውኃ ነው!" ብሎ ሳቀ። ሽማግሌው "እደጊ፣ ተመንደጊ" ብለው መረቁኝና ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ምርቃቱ ነው። ላላደረግኩት ደግነት ተመረቅኩ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ውኃ ልጠጣ ፍሪጁን ስከፍት የአዋዜው ብልቃጥ ተቀምጧል። ረስተውታል! ጥብሱን ያለ አዋዜ እንደማይበሉት አውቃለሁ። ጥሩ ምክንያት አገኘሁ ብዬ አዋዜውን ከዳቦ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለትምህርት ቤት መሄጃ የምትሰጠኝን የባቡር ቶከን ይዤ በሰብዌይ፣ ከዚያ በባስ ወረድኩ። መንገዱን ያጠናሁት እኔ አይደለሁም?

ባሕሩ ከክሯ ጋር አይገናኝም። ሰማዩን የሚያክል ነገር ነው። አሸዋው ላይ ቆሜ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እነሱን ፍለጋ ጀመርኩ። ለእናቴ የምላትን እየተለማመድኩ፣ በመረጥኩት ዛፍ ሥር፣ በምድጃዎቹ ዙሪያ፣ ፓርኪንጉን ሳይቀር አሰስኩ። የሉም። ፓርኪንግ አጥተው ይሆናል ብዬ እስከ ቀትር ጠበቅኩ። በመጨረሻ ሽንት ቤቱ ጥግ ካለው የሕዝብ ስልክ ወደ እናቴ ሞባይል ኮል አደረግኩ።

እናቴ ስታነሳ ጆሮዬ ውስጥ ኃይለኛ ጩኸት ገባ።

"የት ናችሁ?"

"ናያግራ! አጎትሽ 'እንግዳ ይዘን ናያግራን ሳናሳያቸው?' ብሎ መንገድ ላይ አዞረው። ወይኔ ልጄ፣ ብታዪው!"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ለአንቺ ምን ለውጥ አለው? አንቺ ቤት ነሽ።" ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "የምን ስልክ ነው ይሄ?"

ዘጋሁት።

ወንበሬን መውሰዳቸው አንድ ነገር ነው። ቦታውን ራሱን፣ ያን ሁሉ የለፋሁበትን፣ እንደ ተረፈ ዳቦ መንገድ ላይ ጥለውት ሄዱ። ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ውኃው ውስጥ ገባሁ። በረዶ ነው! ጮህኩ፤ ሳቅኩም። ከዚያ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ዳቦውን በአዋዜ እየነከርኩ በላሁ። ያቃጥላል፤ ስለዚህ ለምን እንደማለቅስ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ወደ ማታ ሁሉም እኛ ቤት ተሰበሰቡ። እናቴ የስልኩን ነገር ሰው ፊት ሳታነሳ፣ ለጸበል ሄዶ እንደተመለሰ ሰው አንድ ጠርሙስ ውኃ ዘረጋችልኝ። "የናያግራ ነው። ላልሄደ ይያዝለታል ብዬ።"

ጠርሙሱን ገና አልተቀበልኳትም፤ ሽማግሌው በሩ ሥር ጫማቸውን እያወለቁ ነበር። በከዘራቸው የኔን ጫማ ነካ ሲያደርጉት አሸዋ ተዘረገፈ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው ጋሼ።"

"ባሕር አትወድም አልተባለም?"

የአጎቴ ልጅ ጥፍሯን ማየት ጀመረች። እናቴ በዓይኗ ለመነችኝ። በሰው ፊት እንዳላዋርዳት ነው። ጠዋትም እኔ በዓይኔ ለምኛት ነበር።

"እወዳለሁ" አልኩ። "በጣም ነው የምወደው። የጠየቀኝ የለም እንጂ።"

ሽማግሌው ወደ እናቴ ዞሩ። "የልጅ ወንበር ላይ ነው ያስቀመጥሽኝ?"

"ምን ላድርግ ጋሼ? እንግዳ ነዎት።"

"እውነቴን ነው ብዬሽ ነበርኮ! ወገቤ መኪና አይችልም። ያ ፏፏቴም ቢሆን ሲጮኽብኝ ነው የዋለው። ሶፋችሁ ላይ ጋደም ብዬ ብውል ይበቃኝ ነበር።"

አጎቴ ሊስቅ አለና ተወው። እናቴ ጠርሙሱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ይቅርታ አላለችኝም፤ እኛ ቤት ወላጅ ይቅርታ አይልም። የአጎቴ ልጅ ስትወጣ "ምን ላድርግ፣ እናትሽ ናት የጀመረችው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ትንሿን ጣቴን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ሰው ፊትም እናቴ "እሷ እኮ..." ብላ ስትጀምር ቀድሜ ራሴ እመልሳለሁ።

እንግዳው ከሄዱ በኋላ እናቴ ጫማዬን በረንዳ ላይ አራገፈችው። ወደ ሰማያዊዋ ክር እያየች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "ይቀዘቅዛል?" አለችኝ።

"ገብተሽ እዪው" አልኳት።