ሰንበት ሰንበት የምትሞተው ፒክአፕ

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው መሳደቤን፣ ጠጅ ቤት መዋሌን ሁሉ ነግሬያለሁ። ይህን ግን ምላሴ ጫፍ ሲደርስ እየዋጥኩት ከፊታቸው ተነሥቻለሁ። ሚስቴ አታውቅም። ልጆቼ አያውቁም። በቃል ብናገረው አሳምሬ እንደማወራው፣ ራሴን ሻል አድርጌ እንደማቀርብ ስለማውቅ በጽሑፍ አደረግሁት። ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነውና ጽሑፌ ቢንገዳገድ ታገሡት። እኔን ግን አትታገሡኝ።

ስሜ ቢያድግልኝ ነው። በኢሕአዴግ ዘመን ፍኖተ ሰላም ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራ ነበር። ሥራውን የተማርኩት በዓይኔና በእጄ ነው፤ ሽቦን በቀለሙ፣ ፊውዝን በመልኩ እለያለሁ። ማንበብ እንደማልችል የሚያውቅ አልነበረም። ወረቀት ሲሰጡኝ መነጽሬን ረሳሁ እል ነበር። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ሞባይል ስልክ ወደ እኛ አገር በገባበት ሰሞን፣ ቡሬ ላይ በርበሬና እህል የሚነግዱ አቶ አላምረው የሚባሉ ሰው አዲስ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ገዙ። መዝሙር ጎላ ብሎ እንዲሰማላቸው ፈልገው እኔን አስጠሩ። ቴፑንም ድምፅ ማጉያውንም እኔ ገጠምኩ። ማጉያው ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ነው፤ ከኋላ ወንበር ሥር ደበቅሁትና ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ቀይ ሽቦ ሳብኩለት። ከቴፑ ደግሞ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ሽቦ ይወጣል። ቴፑ ሲከፈት ማጉያውን የሚቀሰቅስ፣ ሲዘጋ የሚያስተኛ እሱ ነው። ይህን አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ሽቦው ላይ ጽሑፍ ነበረበት፤ ከቴፑ ጋር የመጣ ወረቀትም ነበር። አንድ ሰው አንብብልኝ ማለት ምን ነበረበት? አላልኩም። ሰማያዊውን ትቼ የማጉያውን መቀስቀሻ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለበት ሽቦ ጋር አሰርኩት። ጮኸ። ሲጮህ በቃኝ።

እንግዲህ ያ ማጉያ ከዚያ ቀን ወዲያ ተኝቶ አያውቅም ማለት ነው። ቴፑ ተዘግቶ፣ መኪናዋ ቆማ፣ ድምፁን አጥፍቶ ባትሪውን ይጠጣል። መኪናዋ በየቀኑ ስትሠራ ዲናሞው መልሶ ስለሚሞላው አይታወቅም። አቶ አላምረው ግን በዓል አክባሪ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም፤ ዓርብ የወሩ ሚካኤል ወይም ማርያም ከዋለ ደግሞ ሦስት ቀን ትቆማለች። ሰኞ ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ጠቅ ብሎ ዝም።

ሾፌሩ ሙሉቀን ይባላል። ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚያንስ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ግቢው በር ላይ ካለችው ክፍል ያድራል፣ ቁልፉም እሱ ዘንድ ነው። መጀመሪያ የተጠራሁ ዕለት አብረን መኪናዋን ስንገፋ፣ "ጋሽ ቢያድግ፣ ይቺ ሴትዮ ሰንበትን ከቄሱ በላይ ታከብራለች እኮ!" አለኝ። እኔም ስቄ ባትሪውን ሞልቼ ሄድኩ። በሁለተኛው ሰኞ እንዲሁ። በሦስተኛው ጊዜ አዲስ ባትሪ አስገዛኋቸው። አዲሱም ሞተ።

ሰው ማውራት ጀመረ። ወራቱ የሰርግ ነበር። ገጠር መብራት ስለሌለ የሰርግ ድምፅ ማጉያ የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። ሾፌሩ በሰንበት ባትሪውን እየፈታ ለሰርገኛ ያከራያል ተባለ። አቶ አላምረው ይህ ወሬ ጆሯቸው ገብቶ እንደገና አስጠሩኝ።

ያን ዕለት በደንብ ሠራሁ። ቁልፉን ነቅዬ፣ በሩን ዘግቼ፣ የባትሪውን አንድ ጫፍ ፈትቼ በመሐል አምፖል አስገባሁ። ሁሉ ነገር ከጠፋ አምፖሉ መብራት የለበትም። በራ። የሚጠጣ አለ ማለት ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። አምፖሉ አልጠፋም። ያልነካሁት አንድ ሽቦ ብቻ ቀረ፤ የራሴው ቀይ ሽቦ። ስፈታው አምፖሉ ድርግም ብሎ ጠፋ።

መልሼ አሰርኩትና ጥቂት ቆይቼ ከኋላ ወንበር ሥር እጄን ሰደድኩ። ቴፑ ተዘግቶ ሳለ ማጉያው ለብ ብሏል።

ምን አደረግሁ? ሙሉቀንን ለባትሪ የሚጨመር ውሃ ከገበያ እንዲያመጣ ላክሁት። እሱ ሲሄድ ሰማያዊውን ሽቦ ፈልጌ የማጉያውን መቀስቀሻ ወደ እሱ አዛወርኩት። አምፖሉን ደግሜ ሞከርኩ፤ አልበራም። ሁሉንም እንደነበረ ሸፈንኩት። ሙሉቀን ውሃውን ይዞ ሲመጣ እጄን እየጠረግሁ ነበር። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም፤ ሽቦ ማሳሳቴን አይደለም የምናዘዘው። እጄን እየጠረግሁ፣ ሁሉን እያወቅሁ፣ የሙሉቀንን ፊት አየሁ። እሱን ነው የምናዘዘው።

አቶ አላምረው መጡ።

"እህ ቢያድግልኝ፣ መኪናዬን ምን ነካብኝ?"

"መኪናዋ ጤነኛ ናት ጋሼ። ምንም የላት።"

"ታዲያ ባትሪው የት ይሄዳል?"

"እንጃ። ባትሪ እግር የለው፣ ብቻውን ሰርግ አይሄድም" አልኩ።

ግቢው ውስጥ በርበሬ የሚለቅሙት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሙሉቀን የውሃውን ጠርሙስ እንደያዘ፣ "ጋሽ ቢያድግ፣ ስለ ማርያም፣ እስኪ ድገምና እየው" አለኝ። አይቻለሁ አልኩት። አይቼም ነበር።

በዚያው ሳምንት ተባረረ።

ይግባኝ ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሦስት ሽማግሌዎችና የአጥቢያው ቄስ አቶ አላምረው ግቢ ተቀመጡ፤ እኔም ለምስክርነት ተጠርቼ መኪናዋ ምንም አልነበረባትም አልኩ። ቄሱ አቶ አላምረውን፣ "ልጁ ከወጣ ወዲህ መኪናዋ ሞታ ታውቃለች?" ብለው ጠየቁ። "አንድም ቀን!" አሉ። ይኸው ነው ማስረጃው። እኔ በደበቅሁት ጥገና መኪናዋ ዳነች፤ በመዳኗ ሙሉቀን ሌባ ሆነ። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። እኔ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ጉቦ አልሰጠኝም። መሃይም ነው እንዳልባል ብቻ።

በእኛ ዘንድ ተከሳሽ ምስክሩን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወስዶ ማስማል ይችላል። በሐሰት የማለ ልጆቹ ላይ ይደርሳል ይባላል። እኔ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ቄሱ ወደ ሙሉቀን ዞረው፣ "ልጄ፣ ምስክሩ ይማልልህ?" አሉት።

ሙሉቀን ግን፣ "ተዉት አባቴ፣ አያስምሉብኝ" አለ። "እሱ ያየውን ነው የተናገረ። ሳያውቅ ተሳስቶ ቢሆን፣ መሐላው ልጆቹ ላይ ይወድቃል። በሰው ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልጥልም።"

ቢያስምለኝ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር? እናገር ነበር እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ሳያስምለኝስ መናገር ማን ከለከለኝ? ሰውየው ለልጆቼ ሲራራ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እኔ ግን እፎይ ብዬ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቤቴ ገባሁ። እራቴንም በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ለሙሉቀን መኪና የሚሰጠው ጠፋ። ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ባለ መኪናው ሁሉ ይተዋወቃል። ማንኩሳ ላይ ያጫት ልጅ ነበረች፤ አባቷ ልጄን ለሌባ አልሰጥም ብለው የላካቸውን የጋብቻ ሽማግሌዎች መለሷቸው። ያቺ የእኔ ቀልድ ቅጽል ስም ሆና ወጣችለት፤ "የባትሪው እግር" ይሉታል። መንጃ ፈቃዱን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ አባቱ መሬት ላይ ማረስ ጀመረ። እኔ ደግሞ ጋራዥ ከፈትኩ። የማይገኝ ብልሽት የሚያገኝ ተባልኩ። አቶ አላምረውም እውነቱን ሳይሰሙ ሞቱ።

የጎልማሶች ትምህርት ቤት የገባሁት ልጆቼ የቤት ሥራ አሳየን ማለት ሲጀምሩ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት የራሴን ስም ነው። ቀጥዬ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የሙሉቀንን ጻፍሁ። መምህሩ፣ "ይህ ማነው ጋሽ ቢያድግ?" ሲለኝ በመዳፌ አጠፋሁት።

አለማንበቤን ሰበብ አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ። ሽቦውን ያሳሳተው አለማንበቤ ነው። ሙሉቀንን ሌባ ያደረገው አለማንበቤ አይደለም፤ ያን ጊዜ ነገሩን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ከጻፍሁ በኋላ፣ ባለፈው ወር ወረቀቱን ይዤ አገሩ ድረስ ሄድኩ። ሙሉቀን ሸምግሏል። ሌላ አግብቶ ልጆች አሉት። ለእንግዳ ጠላ ሊቀዳ ሲነሣ አስቀመጥሁትና ጓሮው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን አነበብኩለት። እየተንተባተብሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ስጨርስ፣ "ሰማያዊዋ ሽቦ ናት?" አለኝ። አዎ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ፤ በርኅራኄ አይደለም፣ እንዳልነካው ነው።

"እኔማ አለመስረቄን አውቅ ነበር" አለ። "ለእኔ ምን ታነብልኛለህ? ለእነሱ አንብብላቸው።"

ይቅር አላለኝም። ይበለኝ ብዬም አልጠየቅሁትም፤ እናንተንም አልጠይቅም። ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ፣ ያን ወሬ የሰማችሁና ያወራችሁ፣ ለልጆቻችሁም የነገራችሁ፣ አሁን ስሙኝ፦ ሙሉቀን ባትሪ ፈትቶ አያውቅም። ለሰርግ አላከራየም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አገኘሁት፣ ጠገንሁት፣ በእሱ ላይ አሳበብሁት። ስሙን የምታነሡ ከሆነ እንዲህ ብላችሁ አንሡ። የእኔንም እንዲሁ።