በቃጫ የተሰፋው አውሮፕላን

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ያን ዓመት የማልረሳው ከገሱባ ወደ ሶዶ የመጣሁበት ስለሆነ ነው። የአጎቴ ሚስት መንታ ወለደችና "አንድ ሰው ላኩልኝ" አለች፤ የተላክሁትም እኔ ነበርኩ። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። "መንታዎቹ እስኪራመዱ ነው" ተባለና ደብተሬ እናቴ ሣጥን ውስጥ ገባ።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የሳይንስ መምህር ነበር። ነገሩ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ባጃጅ ገና ሶዶ አልገባም። አጎቴ በትምህርት ቤቱ ጓሮ አንዲት ጠባብ ክፍል ለምኖ አግኝቶ፣ በሯ ላይ በኖራ "የሳይንስ ክበብ" ብሎ ጽፎባታል። ክፍሏን አይቻት አላውቅም። ግን ማታ ማታ እራት ላይ ስለ እሷ ሲያወራ የኖርኩባት ያህል አወቅኋት፤ ማግኔት አላት፣ አንድ መስተዋቱ የጎደለ ማይክሮስኮፕ አላት፣ አንድ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አላት። ርእሰ መምህሩ ግን ክፍሏን ለተሰበሩ ዴስኮች ማስቀመጫ ይፈልጓታል። "ክበብህ እስከ ዛሬ ምን አሳየን?" ይሉታል ባገኙት ቁጥር።

አንድ ቀን እንግዶች መጥተው ለትምህርት ቤቱ አውሮፕላን ሰጡ። የእውነቱ አይደለም፣ ሞዴል ነው፤ ተሠርቶ ያለቀ። ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ በሚታቀፍበት በዚያ ነጭ ፎም ነው የተሠራው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ይሆናል። ሞተር የለውም፤ ሮጠህ ትወረውረዋለህ፣ የቀረውን ነፋሱ ይጨርሳል። ርእሰ መምህሩ አጎቴን ጠርተው፣ "ዓርብ የወላጆች በዓል ነው። ይህ ነገር በወላጆች ፊት ከበረረ ክፍሏ ያንተ ናት። ካልበረረ ሰኞ ዴስኮቹን አስገባለሁ" አሉት። አጎቴ ፈርሞ ወደ ቤት ይዞት መጣ።

እስከ ዓርብ የሚያስችል ሆድ ግን ከየት ይምጣ! እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከቤታችን በላይ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው መስክ ሊሞክረው ወጣ። እኔም አንደኛውን መንታ አዝዬ ተከተልኩት። ሮጠ፣ ወረወረ። ውይ ሲያምር! ነጭ አሞራ ነው የሚመስለው። ወዲያው ከተራራው የወረደ ነፋስ ከጎኑ መታውና ግራ ክንፉ ከሥሩ ቀጭ አለ። መሬት የደረሰው ሁለት ቦታ ሆኖ ነው።

"ፈርሜበታለሁ እኮ" አለ አጎቴ። እስከ ቤት ድረስ ይህንኑ ብቻ ይደጋግም ነበር።

ሰኞ ከጫማ ሰፊ ማስቲሽ ገዝቶ መጣ። ጫማን ያህል ነገር የያዘ ማጣበቂያ ፎም ያቅተዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ቀባው። ፎሙ ውሃ እንደነካው ስኳር ይሟሟ ጀመር። ይጣበቃል ብለን ስንጠብቅ ጭራሽ አለቀ። በጨርቅ ጠርጎ ሲጨርስ ክንፉ ሥር አውራ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ቀረ። እኔ ሣቄ አመለጠኝ። አጎቴ ቀና ብሎ ሲያየኝ ደነገጥኩና ሣቄን የምሸፍንበት ነገር ሳጣ፣ "ጋሼ፣ እኔ ልስፋው?" አልኩ።

ከጓዳ የሰማችው ሚስቱ እትዬ ነች።

"የፈረንጅ አውሮፕላን በቅል ወስፌ! ነገ ደግሞ መኪና ይሰበርና ይምጣልሽ!"

እትዬ ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ገሱባ ያለችው የአባቴ እህት ቅል ሰፊ ናት። ገበያ በዋለ ቁጥር ሴቶች የተሰነጠቀ ቅላቸውን ይዘው ደጃፏ ይሰለፋሉ፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቅሉን ይዤላታለሁ። አክስቴ ስንጥቁን መጀመሪያ አትነካም። ቅሉን ወደ ጆሮዋ ታስጠጋና ዙሪያውን በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች። "የተሰነጠቀውንማ ባለቤቷም ታየዋለች" ትለኛለች። "አንቺ ሊሰነጠቅ ያሰበውን ፈልጊ።" ደግሞም፣ "ስንጥቅ እግር አለው፤ እግሩን ካልቆረጥሽው ይሄዳል" ትልና ስንጥቁ ያለቀበት ቦታ ላይ በጋለ ወስፌ ትንሽ ቀዳዳ ትበሳለች። ከዚያ ወዲያ ያ ስንጥቅ አንዲት ጋት አይራመድም።

አጎቴ ሌላ መላ አልነበረውምና አውሮፕላኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔም እንደ አክስቴ የእትዬን ወስፌ ፍም ላይ አጋልኩና የስንጥቁን እግር ልቆርጥ ወጋሁት። ፎሙ ጭስ ብሎ ሸሸ! ትንሽ ቀዳዳ ያልኩት የእንቁላል ያህል አፉን ከፈተ። አሁን የሣቀው አጎቴ ነው። እንባው እስኪወርድ ሣቀ።

"እኔ በማስቲሽ፣ አንቺ በእሳት፤ ለዓርብ የሚተርፍ ነገር አይኖርም" አለ። ቆይቶ ግን አሰበና፣ "ሙቀትም ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ነገርም ይበላዋል ማለት ነው" አለ። በማግስቱ ከአናጢ ቤት ኮላ አመጣ፤ ያንን እንጨት የሚያጣብቁበትን ነጩን፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን። ቁራጭ ፎም ላይ ሞከርነው። አልበላውም።

ከዚያ እንደ ቅል ዙሪያውን አንኳኳሁት። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ቀስ ብዬ አጎበጥኩት። የደከመበት ቦታ ሦስት ነው፦ ክንፉ ከሆዱ የሚገባበት፣ አፍንጫው፣ ከጅራቱ በፊት ያለው ቀጭን ወገቡ።

"ወገቡ እኮ ደህና ነው። ፋብሪካ የሠራውን ምን አድርግ ትዪዋለሽ?" አለኝ።

"ፋብሪካው የዳሞታን ነፋስ የት ያውቀዋል ጋሼ?"

አጎቴ ተነሣ። ከዚያም ሄዶ ከአጥሩ ቀርከሃ ቆርጦ አመጣ።

ቀርከሃውን ሰንጥቄ እንደ መጥረጊያ ጭራ እስኪቀጥን በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት። በክንፉ ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በምላጭ ቦይ አወጣሁና ቀርከሃውን በኮላ አስተኛሁበት። ክንፉ አከርካሪ አገኘ። የጠፋውን ቦታ አውሮፕላኑ በመጣበት ካርቶን ውስጥ በተረፈ ፎም ሞላነው። የክንፉን ሥር ደግሞ ቃጫ ጭኔ ላይ ገምጄ፣ እንሰት ስንፍቅ የሚቀረውን ያንን ነጭ ቃጫ፣ በቀዝቃዛ ወስፌ ግራና ቀኝ ሰፋሁት። ለአፍንጫው ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ቆብ አጠለቅኩለት። ወገቡ ላይ ስደርስ ሥራው ጥሞኝ ስለነበር ቃጫውን ደራርቤ ጠመጠምኩት። መንታዎቹ ሲያለቅሱ አንዱን ማዘል፣ ሲተኙ አውርዶ መስፋት፤ ረቡዕ ከሰዓት እንደዚህ ሆኖ አለቀ።

አጎቴ መስኩ ላይ ወረወረው። አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ተነሣ፣ ቆመ፣ በጅራቱ ቁጭ አለ። ደግሞ ወረወረው፤ ደግሞ ቁጭ።

"አልተሰበረም" አልኩ።

"ድንጋይም አይሰበርም" አለ አጎቴ።

ቤት ገብተን ሁለት ጣቱን ከክንፉ ሥር አድርጎ አነሣው። ጅራቱ ወረደ። በእንግሊዝኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። እኔ እንግሊዝኛውን አላውቅም፤ ጅራቱ እንደከበደ ግን እያየሁ ነው። የኮራሁበትን ያን ሁሉ ቃጫ ከወገቡ ፈታሁ።  በምትኩ ሦስት ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጣሪ ብቻ አጣበቅኩበት። በአፍንጫው ቆብ ውስጥ አንድ ምስማር ጨመርን፤ በጣቱ ላይ እንደ ሚዛን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሐሙስ ወጥተን ወረወርነው። መስኩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ እንደ እርግብ አረፈ። አጎቴ ደጋግሞ ወረወረው፤ እስኪጨልም ወደ ቤት እንግባ ብለው እንቢ አለኝ።

ዓርብ ሜዳው በወላጅ ተሞላ። ነፋስም ነበረ፤ የመጣውም ከዚያው ከዳሞታ ነው። እኔ እትዬ አጠገብ መንታ አዝዬ ቆምኩ። አጎቴ ሮጦ ወረወረ። በልጆቹ ራስ ላይ አለፈ፣ በተቀመጡት ሽማግሌዎች ላይ አለፈ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ ተከተለው። ነፋሱ ከጎን መታው። ክንፉ ጎበጥ አለና ተመለሰ! እፎይ ሳልል ዞሮ በቀጥታ ወደ ባንዲራው ምሰሶ ሄደና በአፍንጫው ቋ አደረገው። ወደቀ።

 ርእሰ መምህሩ ወደ ጓሮ፣ ወደ ክፍሏ ዞር ሲሉ አየኋቸው።

አጎቴ አነሣውና ወደ ጆሮው አስጠጋው። ከዚያ በጣቱ አንጓ ዙሪያውን ማንኳኳት ጀመረ፤ ወላጆቹ ሳቁ፤ መምህሩ አበደ ያሉ ይመስለኛል። እሱ ግን ጨርሶ አንኳኳና፣ "ደህና ነው!" ብሎ ጮኸ። መልሶ ወረወረው። አሁንስ አጥሩን ዘልሎ መንገድ ላይ ወጣ! ከአጥሩ ማዶ የምትሸጥ አንዲት ባለሙዝ፣ ሙዟ ላይ አስቀምጣ በበሩ መለሰችው። ያን ጊዜ ጭብጨባው አይወራ። ከሁሉ በላይ እልል ያለችው እትዬ ነች። "የእኛ ልጅ ናት! ወስፌውም የእኔ ነው!" ትላለች ላገኘችው ሁሉ።

ርእሰ መምህሩ መጥተው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይህ ከፋብሪካው ነው?"

"አይደለም። የእህቴ ልጅ ናት የሠራችው" አለ አጎቴ፣ ወደ እኔ እያመለከተ።

"ስንተኛ ክፍል ናት?"

አጎቴ የአውሮፕላኑን ቆብ ማስተካከል ያዘ። እኔው መለስኩ።

"አምስተኛ ነበርኩ።"

"አሁንስ?"

"አሁን መንታ ይዣለሁ።"

በዙሪያችን የነበሩት ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ አጎቴም አልሳቀም። "ክፍሏ ያንተ ናት" አሉትና ሄዱ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ ገበያ ወርዶ የክበቧን ክፍል ቁልፍ ሁለተኛ አስቀረጸ። አምጥቶ ሰጠኝ። ከምሳ በኋላ አንደኛውን መንታ ከጀርባዬ ፈትቶ በራሱ ጀርባ አዘለ፤ ሁለተኛውን በክንዱ አቀፈ። መንታዎቹ እስኪራመዱ ድረስ ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ያዛቸው፤ ክፍሏን የምከፍታት እኔ ሆንኩ።