እንዲህ አይለቀስም

ጋዜጠኛ ባገኘኝ ቁጥር፣ «በቲያትር ሕይወትዎ የኑሮን ትርጉም እንዴት አገኙት?» ይለኛል። አገኙት! የጠፋ በግ ነው እንዴ? ዕድሜዬን ሙሉ መድረክ ላይ ኖሬ ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱንም ያወቅሁት ጎንደር፣ ጣልያን ሠርቶት በሄደው ሲኒማ ቤት፣ ሬሳ ሆኜ በተጋደምኩበት እሑድ ነው። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ታላቅ ወንድሜ ኮሪያ ዘምቶ ነበር። የዘመቱት ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። አብሮት የነበረ አንድ የአይከል ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ አባቴን ወደ ጓሮ ወሰደና፣ ወንድሜ ሲወድቅ በዓይኑ ማየቱን ነገረው። አባቴ መሪጌታ ነው፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው። ከጓሮ ሲመለስ ለእናቴ፣ «መንግሥት መርዶ ሳይልክ ማልቀስ ሟርት ነው። በዚህ ቤት እንባ እንዳላይ!» አላት። ሌላ ምንም አልነገራትም፤ እሷ ግን ፊቱን አይታ ገባት።

ከዚያ ወዲያ መርዶውን ፍለጋ የጠቅላይ ግዛቱን መሥሪያ ቤት ደጅ መጥናት ጀመረች። «ጌታዬ፣ ልጄ አለ ወይስ ሞቷል?» ነው ጥያቄዋ። ሹሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «ይጣራል» ይላታል። በጋ ይጣራል፣ ክረምት ይጣራል። ጠላ ቢሆን እስካሁን በጠለለ! እናቴ ጥቁር አልለበሰች፣ ፀጉሯን አልተላጨች። ጎረቤት ሰው ሲሞት ሄዳ ታለቅሳለች፣ የራሷን ግን ዋጠችው። መንምና መንምና አጥንቷ ቀረ።

እኔ ደግሞ ያኔ ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ቲያትር እሠራ ነበር። አጎቴ ባየኝ ቁጥር፣ «ምነው፣ የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆኖ ቀረ?» እያለ ምራቁን ይተፋል። ይትፋ! አንድ መምህራችን ለአገሩ ስለሞተ ወታደር ድርሰት ጻፈ። የወታደሩ ሬሳ ለእናቱ ይመጣል፣ እናትየው ታለቅሳለች፣ በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ ሹማምንቱን ታመሰግናለች። ይህችን ምስጋና ለመስማት ነው ሹማምንቱ የፊቱን ወንበር የያዙት። ያ «ይጣራል» ባዩም መሐላቸው ነበረ።

ሟቹ እኔ ነኝ። የወታደር ልብስ ስላልነበረን የወንድሜን ካፖርት ከሣጥን አውጥቼ ወሰድኩ። የእናትየውን ቦታ የያዘው ደግሞ አንድ የአዲ አርቃይ ልጅ ነው፤ ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ስለነበር ጢሙን ተላጭቶ ቀሚስ ለበሰ። እናቴ እንደምትመጣ አላወቅሁም። ለካ ጎረቤቶቿ ጎትተው አምጥተዋታል።

በቃሬዛ ተሸክመው መድረኩ ላይ አስቀመጡኝ፣ ካፖርቱንም ከላዬ አለበሱኝ። ያ የአዲ አርቃይ ልጅ በቀጭን ድምፅ «ዋይ! ዋይ!» ማለት ሲጀምር አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ያን ጊዜ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«ተው! ተው አልኩህ! እንዲህ አይለቀስም!»

የእናቴ ድምፅ ነው። ክው አልኩ። ደረጃውን ወጥታ ልጁን በክንዷ ገፋ አደረገችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ ካፖርቱን ከላዬ አነሣች። በእኛ አገር ሬሳ በሌለበት የሟች ልብስ ተይዞ ነው የሚለቀሰው። እሷም ካፖርቱን ከፍ አድርጋ ይዛ ወንድሜን በስሙ ጠራችው። ሳቁ ቀጥ አለ። እናቴ ሙሾ እያወረደች ሴቶቹ ካሉበት ይቀበሏት ጀመር፤ ሲኒማ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኖ አረፈው።

ሹሙ ብድግ ብሎ፣ «ይቺን እብድ አስወጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። እብድ! ደጁን ስትጠና የኖረችውን ሴት! የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ተነሥ! ተነሥና እናትህን አውርዳት!» እያለ ያንሾካሹካል። ብነሣ ሕዝቡ ይስቃል፣ እናቴም በጎንደር እብድ ሆና ትቀራለች። ካልተነሣሁ ልጇን ያለቀሰች እናት ናት። አልተነሣሁም። ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ስታርፍ እንኳ ንቅንቅ አላልኩም። ፖሊሱ መድረኩ ሥር ደረሰ። ግን ለቅሶ መሐል ማን እጁን ይዘረጋል? ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። እናቴ የልቧ እስኪደርስ አለቀሰች። ሲበቃት ካፖርቱን መልሳ አለበሰችኝና እግሬን ጠቅለል አድርጋ ሸፈነች።

ሕዝቡ እንደወጣ ዲሬክተሩ ኮሌታዬን አንቆ፣ «ሹሙን አዋረድክብን! ለምን አልተነሣህም?» አለኝ።

«ሬሳ ነበርኩ፣ ጌታዬ። ሬሳ ይነሣል እንዴ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤታችን ቲያትር ቀረ ተባለ። የተናደድኩት በዚህ አይደለም። ሹም ተዋረደ ተብሎ ያ ሁሉ ግርግር ሲነሣ፣ ለእናቴ «እግዜር ያጥናሽ» ያላት አንድም ሹም የለም። የመንግሥቱ መርዶ እስከ ዛሬ አልመጣም። እየተጣራ ይሆናል!

ቤት ስንደርስ አባቴ ሁሉንም ሰምቶ ጠበቀን። እርግማኑን ስጠብቅ እሱ እናቴን ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ መቋሚያውን አንሥቶ፣ «ለነገ ፍታት ካህናቱን ልንገር» ብሎ ወጣ። በዚያ ቤት ወንድሜ መሞቱ በአፍ ሲነገር የመጀመሪያው ነው።

እናቴ እንጀራ አቅርባ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷም ቆርሳ ጎረሠች። ስትጎርሥ ካየኋት ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር! ካፖርቱን ከትከሻዬ ተቀብላ እያጠፈች፣

«ሸጋ አድርገህ ሞትክልኝ፣ ልጄ» አለችኝ።