ኩፍኝ የገባበት ግቢ

ሥራዬ የበሽታዎች ቅኝት ይባላል። ስሙን የሰማ ሰው ስለላ ይመስለዋል። በጤና ጣቢያችን ዙሪያ ኩፍኝ ወይም ኮሌራ ከታየ ወዲያው ለክፍለ ከተማ አሳውቃለሁ። ካልታየም በየሳምንቱ «የለም» እላለሁ፤ ዝም ያለ ጤና ጣቢያ ሰላም ይሁን ሰነፍ አይታወቅማ። በዚያ ሳምንትም ኩፍኝ የለም ብዬ ነበር። ኩፍኙ ግን መካኒሳ አቦ እኔው የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ፣ ከመኝታዬ ግድግዳ ወዲያ ነበር።

አከራዬን እማማ እላቸዋለሁ። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ስለሚሠራ፣ ዘጠኝ ወር ያልሞላት ልጄን ቀን ቀን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ሞግዚት ፍለጋ ላፍቶን ሳካልል ከርሜ ተስፋ ስቆርጥ፣ «እኔ እያለሁ?» ብለው ተቆጥተውኝ ነው የተቀበሉኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በራቸው ተዘግቷል፤ መስኮቱ በጋቢ ተጋርዷል። አንኳኳሁ።

«ከውጭ መጥተሽ እንዳትገቢ» አሉኝ ከውስጥ። «ለልጅ ልጄ ኩፍኝ ወጥቶለታል። የመንገድ ሽታ ያብስበታል።»

«መቼ ነው የወጣበት?»

«ሰነባበተ። ደህና ነው።»

ለካ ሰሞኑን ልጄን ከደጃፍ ይቀበሉኝ የነበረው ለዚህ ነው። በሩን ገርበብ አድርገው ልጄን በፎጣ ጠቅልለው አቀበሉኝ። ትስቃለች። ፊቷንና አንገቷን አገላብጬ አየሁ። በሩ ለጎረቤት ሁሉ ተዘግቶ ለእሷ ክፍት የነበረው፣ እሷ የቤት ልጅ ስለሆነች ነው። እኛ ዘንድ በር የሚዘጋው የታመመውን ከሌላው ለመጠበቅ ነው፤ ሌላው ከታመመው ይጠበቅ የሚል የለም። ሌላውም ከታመመው መጠበቅ እንዳለበት በየሰፈሩ ስብሰባ አስረድቼ ነበር። እማማም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አጨብጭበውልኛል።

«እማማ፣ ልጁ መታከም አለበት።»

«ኩፍኝ መርፌ አይወድም። አንቺም አፍሽን ያዢ፤ የጤና ሰዎች ግቢዬን ሲወሩት ሰው ምን ይለኛል? ልጅሽን እንደ ልጄ የያዝኩልሽ ለዚህ ነው?»

ክፍሌ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በእሳቸው ተናደድኩ፤ መናደዴም አሳፈረኝ። ካሳወቅሁ እናት የሆኑኝን ሴት አጣለሁ። ዝም ካልኩ የሰፈሩ ሕፃናት በየተራ ይታመማሉ። መውጫ አጣሁ፤ ክፍሏም ጠበበችኝ። የኩፍኝ ክትባት የሚጀመረው ደግሞ በዘጠኝ ወር ነው።

ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው የክፍለ ከተማው ባለሙያ፣ እኔ ሌላውን የምጠይቀውን ጠየቀኝ።

«ከታማሚው ጋር የዋለ ያልተከተበ ሕፃን አለ?»

«አንድ አለች።»

«እናትየዋን ልጅቷን ይዛ ከቤት እንዳትወጣ በያት። ትኩሳት ከጀመራት ግን ቶሎ ታምጣት።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ።»

በማግስቱ የጤና ባለሙያዎቹ መጥተው ልጁን ለሕክምና ወሰዱት። እማማ ሲሸኙት በአጠገቤ አለፉ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ በአንድ በር፣ እሳቸው በሌላው ተዘግተን ከረምን። ሳላቸውን እሰማለሁ። እሳቸውም የልጄን ለቅሶ ይሰማሉ። ባስነጠሰች ቁጥር ግንባሯን እዳስሳለሁ።

አንድ ጠዋት ልጄ ዓይኗ ቀልቶ ጡት እምቢ አለች። ግንባሯ እጄን ፈጀው። ጎረቤት ሞልቶ ከአፌ የወጣው ግን «እማማ» የሚል ነበር።

ነጠላቸውን እንኳ ሳይደርቡ መጡ።